ሁለት ሜትር በአንድ ሳጥን

አስካለ እባላለሁ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ኋላ ከሌላ ሰው እንዳትሰሙት፤ ውሸታም ነበርኩ። ሰው የሚጎዳ ውሸት አይደለም። አንዲት ውሸት ብቻ፣ እሷኑ እያጠብኩ እያሰጣሁ ሠላሳ ምናምን ዓመት የለበስኳት። «ውይ፣ መነጽሬን ረስቼ!» የምትል ናት።

ማንበብ አልችልም ነበር። ድሬዳዋ ልጅ ሳለሁ ወንድሞቼ ቄስ ትምህርት ቤት ሲላኩ እኔ ውሃ ወረፋ ተላክሁ። ከዚያ የባቡር ሠራተኛ አገባሁና፣ በዚያው በባሌ ባቡር ጅቡቲ ገባሁ። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እስኪሞት ምስጢሬን ያወቀ እሱ ብቻ ነበር። ሰው ወረቀት ሲሰጠኝ ቦርሳዬን እበረብራለሁ፣ «መነጽሬን ረስቼ» እላለሁ፣ የሰጠኝ ሰው ራሱ ያነብልኛል። አለቀ! ዓይኔ እንኳ ደህና ነው፣ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ መርፌ ላይ ክር በአንዴ ነው የማስገባው። መነጽሩን የገዛሁት ውሸቴ እንዲያምርላት ብዬ ነው።

የልጄ ልጅ ፍሬ ሳትቀር አታውቅም ነበር። እናቷ አረብ አገር ሥራ ላይ ስለሆነች ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ያን ዓመት ፍሬ ትምህርቷን ልትጨርስ ነው። የቀራት ሜምዋር የሚሉት ነገር ነው፤ ተማሪው በመጨረሻ የሚጽፈው ወፍራም ጽሑፍ። ታትሞ፣ ተጠርዞ፣ በተባለው ቀን እስከ አስራ አንድ ሰዓት በእጅ ይሰጣል። ከአስራ አንድ ሰዓት ካለፈ ዓመቱን ሙሉ መድገም ነው። ልጅቷ ስድስት ወር ስትጽፍ ከርማ ጨርሳዋለች። ያለው ኮምፒውተሯ ውስጥ ነው፣ ሌላ የትም የለም።

ታዲያ ኮምፒውተሩ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሊሰጥ ሳምንት ሲቀረው ሆዱ ውስጥ ጠቅ ጠቅ ማለት ጀመረ። ከዚያ ጭራሽ አልነሳም አለ።

ፍሬ ኮምፒውተር ጠጋኙ ኢድሪስ ጋ ሮጠች። ኢድሪስ የጅቡቲ ልጅ ነው፣ እናቱ ግን የድሬ ናት፣ አማርኛው ከኔ ይሻላል።

«አታልቅሺ» አላት። «ጽሑፍሽ አሮጌው ዲስክ ላይ አለ። የሞተው መነሻው ነው። እኔ አዲስ ዲስክ አዘጋጅቼ እሰጥሻለሁ፣ ኮምፒውተሩ በሱ ይነሳል። አሮጌውን እንደ ዕቃ ቤት ከጎኑ ታደርጊዋለሽ፣ ገብተሽ ጽሑፍሽን ታወጫለሽ።»

አዲሱ ዲስክ የደረሰላት መቼ መሰላችሁ? በመስጫው ቀን ዋዜማ! በማግስቱ ጠዋት ፍሬ የኮምፒውተሩን ሳጥን ፈታችው። አዲሱን ከላይ፣ አሮጌውን ከታች አድርጋ፣ ሁለቱንም እንደ ቀበቶ ሰፊ በሆነ አንድ ገመድ ላይ ሰካቻቸው። ቁልፉን ተጫነች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ልብስ አጥፋለሁ።

ጥቁር ሆነ። ነጭ ጽሑፍ ወጣ። ቆመ።

«ዲስክ የለም ይላል!» አለች።

«እንዴት የለም? ሁለት አሉ እኮ፣ እኔ እያየኋቸው!»

«እሱ አላያቸውማ፣ እምዬ!»

«ታዲያ መነጽር ግዢለት» አልኳት። ማን ነው ስለ መነጽር የሚያወራው፣ አያችሁልኝ? ፍሬ ግን አልሳቀችም። ነቀለች፣ ሰካች። አዲሱን ብቻ ስታደርግ ይነሳል፣ ጽሑፉ ግን እዚያ የለም። አሮጌውን ስትጨምር ሁለቱንም አላውቃቸውም ይላል። ኢድሪስ ሱቅ ሄደች፣ ዝግ ነው። ለጎረቤቱ የስልካችንን ቁጥር ትታ ተመለሰች። እንዲህ እንዲህ ሲል ሰባት ሰዓት ሆነ።

ጅቡቲን ለማያውቅ ልንገር። ሰባት ሰዓት ላይ ጫት ይገባል። ከኢትዮጵያ ነው የሚመጣው፣ መኪናው ጥሩንባውን እየነፋ ሲደርስ ከተማው እንዳለ ሥራ ያቆማል። በግ እንኳ ጥላ ፈልጎ ይተኛል። በሰኔ ሙቀት፣ ከሰባት እስከ አስር ሰዓት ጠጋኝ ፈልጋችሁ ከማግኘት ባሕሩ ላይ በእግር መሄድ ይቀላል።

«ማብረዝ ማብረዙን እዞራለሁ» አለች ፍሬ። ማብረዝ ወንዶቹ ተሰብስበው የሚቅሙበት ቤት ነው።

«ሴት ልጅ ማብረዝ ልትገቢ?»

«አልገባም፣ በር ላይ ቆሜ ስሙን እጠራለሁ።»

ሻሿን አናቷ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች። ሳጥኑ እንደተከፈተ፣ ዲስኮቹ ሳይታሰሩ፣ እንደ ታረደ ዶሮ ሆዱ ተዘርግፎ ቀረ። እኔና እሱ ተፋጠጥን።

ስምንት ሰዓት ገደማ ስልኩ ጮኸ። ያን ጊዜ ሞባይል እንዲህ በየብብቱ አልገባም፤ ሳሎን ውስጥ፣ ከሳጥኑ አጠገብ፣ ባለ ገመድ ስልክ ነው ያለን።

«አሎ! ፍሬ?»

«ፍሬ የለችም። አያቷ ነኝ።»

«እማማ! ኢድሪስ ነኝ። የት ሄደች?»

«አንተን ልትፈልግ!»

«እኔማ እዚህ ነኝ።»

«እዚህ የት?»

«ማብረዝ። ግን የወትሮው አይደለም፣ የአጎቴ ልጅ ጋ ነኝ ዛሬ። እዚህ አታገኘኝም።»

«በል ተነስና ና! አስራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ካላወጣችው ዓመቷ አለቀ።»

«አቦ፣ እማማ! አሁን ገና ነው የተቀመጥኩት። ጫቱን ይዞ የተነሳ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ቤቱ የተቃጠለበት።»

«እሱንም ጎረቤት ነው የሚያጠፋለት፣ ወላሂ!» ብሎ ሳቀ። የድሬ አማርኛ አንቱ አያውቅም፣ እኔም አልተቀየምኩት። «ስልኩ ግን አጠገቤ ነው፤ ጆሮዬና ምላሴ ያንቺ ናቸው። ምርቃናዬ ሳይመጣ ቶሎ እንበል። አብሪውና ስክሪኑ ላይ ምን እንደሚል አንብቢልኝ።»

«ውይ፣ መነጽሬን…» አልኩ። ምላሴ ለምዳዋለች፣ እኔን አትጠይቀኝም።

«ፈልጊው፣ እጠብቃለሁ» አለ።

ቦርሳዬን መበርበር ጀመርኩ። በዚያ ሁሉ ዓመት «እጠብቃለሁ» ያለኝ ሰው አልነበረም። ሰው ሁሉ ወረቀቱን ቀምቶ ያነብልኛል እንጂ። ይሄ ደግሞ ማየት አይችል! መነጽሩን አወጣሁ፣ አፍንጫዬ ላይ ሰካሁ፣ ሳጥኑን አብርቼ ስክሪኑን አየሁ። ጉንዳን በኖራ ግድግዳ ላይ ሲሄድ አይታችኋል? የሱ ተገላቢጦሽ፣ ነጭ ጉንዳን በጥቁር ላይ።

አንድ ልቤ ስልኩን ዝጊውና መስመሩ ተቋረጠ በይ አለኝ። ይቻላል፣ በጅቡቲ ማን ይጠይቃል? ከዚያ የፍሬን ወንበር አየሁት። ስድስት ወር የተቀመጠችበት ትራስ መሃሉ ጎድጉዷል።

«ኢድሪስ» አልኩት፤ «መነጽሩስ አፍንጫዬ ላይ ነው። ማንበብ ነው የማላውቀው።»

በስልኩ ውስጥ ወንዶቹ ሲንጫጩ፣ አንዱም ከት ብሎ ሲስቅ ሰማሁ። በኔ ነው ብዬ ጆሮዬ ጋለ። ኢድሪስ «ዝም በሉ እናንተ፣ ሥራ ላይ ነኝ!» ብሎ ጮኸባቸውና ወደኔ ተመለሰ።

«እማማ፣ እጅሽ ግን አይንቀጠቀጥም?»

«እጄ? እጄማ ካንተ ይሻላል!»

«ሀዬ! እንጀምር። ሁለቱ ዲስኮች በአንድ ገመድ ላይ ናቸው?»

«በአንድ ቀበቶ ላይ።»

«አሃ! አገኘሁት! ሁለቱም ሜትር ናቸው!»

ሜትር። እሱንማ ማን ይነግረኛል! አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን የልብስ ሜትር ሳብኩና ለካኋቸው። አሮጌውን ለካሁ፣ አዲሱን ለካሁ።

«አንድ ናቸው» አልኩት።

«ምኑ?»

«ልካቸው። አንዱም ስንዝር አይሞላም። ሜትር የሚባሉም አይደሉም፣ ማን ነው እንደዛ ያለህ?»

«ስንዝር?» አለ። ከዚያ ሳቁ መጣ። ለጓደኞቹ ነገራቸው መሰለኝ፣ ማብረዙ በሙሉ ፈነዳ። «እማማ፣ በፈረንሳይኛ ነው! ሜትር ማለት ጌታ ማለት ነው። ሁለት ዲስክ በአንድ ገመድ ሲኖር አንዱ ጌታ፣ አንዱ ሎሌ መሆን አለበት። አዲሱን እኔ ጌታ አድርጌ ነው የሰጠኋት። አሮጌውም ለብቻው ሲኖር ጌታ ነበር፣ ማንም ውረድ አላለው። አሁን ኮምፒውተሩ ማንን ልስማ ብሎ ሁለቱንም ተዋቸው።»

ይሄን ጊዜ ገባኝ! ሙሽራ ሆኜ ስመጣ አማቴ ቤት ነው የገባሁት። ጓዳው አንድ፣ ባለቤቶቹ ሁለት። እሷ ጨው ትጨምራለች፣ እኔም እጨምራለሁ። ባሌ በመጨረሻ ከሁለታችንም አልበላም ብሎ ባቡር ጣቢያው ዳቦ መብላት ጀመረ። ኮምፒውተር ባሌን መምሰሉን ማን ነገረኝ!

«ታዲያ ማንን እናውርድ?» አልኩ።

«አሮጌውን።»

«ሁልጊዜ አሮጊቷ ላይ ነው የምትበረቱት!»

መጀመሪያ የመብራቱን ገመድ ከግድግዳው አስነቀለኝ። የስልኩን እጀታ በሻሼ ጆሮዬ ላይ ጠምጥሜ አሰርኩት፣ ሁለት እጄ ነፃ ወጣ። አሮጌውን ዲስክ አወጣሁ።

«ከኋላው፣ ገመዱ ከሚገባበት አጠገብ፣ ጥቃቅን መርፌዎች አሉ። በነሱ ላይ ትንሽ ኮፍያ ተደፍታለች።»

«አየኋት። የምስር ክክ ታክላለች።»

«እሷን ነው የምናዛውረው። ወዴት እንደሆነ ግን የየፋብሪካው ይለያያል፣ ዲስኩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ነው የሚያሳየው። ሥዕሎች አሉ?»

«አሉ። ሦስት። ከያንዳንዱ ጎን ደግሞ ጽሑፍ።»

በቃ፣ እዚያው ጽሑፍ ላይ ተመለስን። ከሦስቱ አንዱ ነው፤ የትኛው እንደሆነ የሚናገረው ጽሑፉ ነው። በሦስቱም እንሞክር እንዳንል፣ ምርቃናው እየመጣ ነው፣ ሰዓቱም እየሄደ ነው።

ልብስ ሰፊ ነኝ ብያችኋለሁ። ሰው የልብስ ሥዕል ይዞ ሲመጣ አንብቤ አይደለም የምሰፋው፣ አይቼ ነው። «ቆይ» አልኩት። «ማንበቡን ተወውና፣ መልኩን ልንገርህ?»

«የምኑን?»

«የፊደሉን። የመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ፣ ሁለት ጫፍ ያለው ተራራ አለ። ቀጥሎ ድንኳን፣ ወገቡ ላይ ገመድ ያለው። ቀጥሎ እባብ…»

«እሱ ጌታው ነው! ቀጥይ፣ ሁለተኛው!»

«ሁለተኛው… የተነከሰች ጨረቃ። ከዚያ ድንኳን።»

«እሱን ተይው። ሦስተኛው በእባብ ነው የሚጀምረው?»

«በእባብ! ከዚያ እግሩን ዘርግቶ የተቀመጠ ሰው፣ ከዚያ ድንኳን፣ ከዚያ የተገለበጠ ድንኳን ገመድ የሌለው፣ መጨረሻ ላይ ሦስት ጥርስ ያለው ማበጠሪያ።»

«ሎሌ!» ብሎ ጮኸ። «ሎሌ ነው የሚለው! እማማ፣ አነበብሽው እኮ!»

«በል አታሹፍ» አልኩት። ግን ማበጠሪያዋን ደግሜ በጣቴ ነካኋት።

በሥዕሉ ላይ ኮፍያዋ ከዳር ሁለተኛው ቦታ ላይ ናት፤ ዲስኩ ላይ ግን መጀመሪያው ላይ። እሾህ የማወጣበትን ወረንጦ አመጣሁና ቆንጥጬ ሳብኳት። ወጣች። ወጣችና፣ ከወረንጦው ሾልካ በረረች!

«ወደቀች» አልኩ።

«ምን?»

«ኮፍያዋ።»

«እማማ፣ እሷ ከሌለች…»

«አውቃለሁ፣ ዝም በል!»

ተንበረከክሁ። ማራገቢያውን አጠፋሁ፣ እንዳያንከባልላት። ወለሉ ላይ ስንት ቀን የፈሰሰ ቁልፍ፣ ቁርጥራጭ ክር፣ የተሰበረ መርፌ አለ። በመዳፌ ዳበስኩ። ከአልጋ ሥር ገባሁ። ላቤ ይንጠባጠባል፣ ስልኩ ጆሮዬ ላይ ታስሯል፣ ገመዱ አንገቴን ይዞኛል። የሚያየኝ ቢኖር የጠፋች ፍየል ናት ይል ነበር። ኢድሪስም ጸጥ ብሏል። ምርቃና ወሰደው ብዬ ፈራሁ።

«አለህ?»

«አለሁ፣ እማማ። ሁላችንም ነን። ማብረዙ በሙሉ አንቺን ነው የሚጠብቀው።»

ተስፋ ቆርጬ ለመነሳት ጉልበቴን ሳነሳ አንድ ነገር ወጋኝ። ላቤ ላይ ተለጥፋ አብራኝ ስትዞር ነበር፣ ባለጌ!

ከዚህ በኋላ ትንፋሼን ይዤ ነው የሠራሁት። ኮፍያዋን ሁለተኛው መርፌ ላይ ደፋኋት። ገመዶቹን እሱ እንዳለኝ መለስኩ፣ ግድግዳው ላይ ሰካሁ፣ አማተብኩና ቁልፉን ተጫንኩ።

ጥቁር። ነጭ ጉንዳን።

«ያው ነው» አልኩት።

«ጠብቂ።»

«ያው ነው እኮ!»

«እማማ፣ ጠብቂ! ስንት መስመር ነው?»

«ሁለት። አሁን ሦስት። አራት…» ጉንዳኖቹ ሄዱ። ስክሪኑ ባዶ ሆነ። ከዚያ ሰማያዊ መጣ፣ ኮምፒውተሩም በዚያች ዜማው ዘፈነ። ቤት ስትገቡ እንደሚቀበላችሁ ዓይነት።

«ዘፈነ?»

«ዘፈነ!» ብዬ እልልታዬን ለቀቅሁት። ከወዲያ በኩል ወንዶቹ አጨበጨቡ። አንዱ በሶማሊኛ የሆነ ነገር ጮኸ፤ ኢድሪስ «አያቷን ዳሩልኝ ይላል» ብሎ ተረጎመልኝ። ጥርሱ ስንት እንደቀረ ጠይቀው አልኩት።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ፍሬ መጣች። ፊቷ ቀልቷል፣ ጫማዋ አቧራ ጠጥቷል። አስራ አንድ ማብረዝ ዞራ አላገኘችውም። በሩ ላይ ቁጭ አለች። «አለቀ፣ እምዬ» አለች። «እደግማለሁ። ምን ይደረጋል።»

«ከመድገምሽ በፊት ያንን ሳጥን አጥፊልኝ፣ ሙቀቱ ገደለኝ» አልኳት።

ዞረች። አየች። እየሮጠች ሄዳ የኮምፒውተሩን አይጥ ያዘች፤ ከፈተች፣ ከፈተች፣ ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች። ጽሑፏ አለ። ስድስት ወሯ አለ።

«ማን መጣ?»

«ማንም።»

«ማን ሠራው?»

«እኔ፣ ከአንድ ማብረዝ ሙሉ ወንድ ጋር።»

«የዲስኩን ጽሑፍ ማን አነበበልሽ?»

ዋሽቼ ማምለጥ እችል ነበር። ግን አንዴ የተከፈተ ሳጥን ነው። «ማንም። ማንበብ አልችልም፣ ፍሬ። ችዬም አላውቅም።»

አየችኝ። ጽሑፏን ወደ ፍላሽ እየገለበጠች አየችኝ። «የትምህርት ቤት ካርኔዬንስ፣ ውጤቴ ያለበትን? በየዓመቱ መነጽር አድርገሽ እያየሽ ትፈርሚልኝ የነበረው?»

«ልብ ብዬ ነው የማየው!»

«አራተኛ ክፍል ‘ጎበዝ፣ ቁጥሩ አምሯል’ ብለሽ ስመሽኛል። ወድቄ ነበር እኮ!»

«አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?»

ሳቅ ይዞን ወለሉ ላይ ወደቅን። ከዚያ እሷን ገፍቼ አስወጣኋት። ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ማተሚያ ቤቱ ገና መዝጊያውን እያነሳ ደረሰች፤ አሳተመች፣ አስጠረዘች፣ ትምህርት ቤቱ ዘበኛው ቁልፉን ይዞ በሩ ላይ ሳለ ገባች። ማታ ስትመለስ ከደጅ ጀምራ ነው የጮኸችው፦ «ጽሑፌን ተቀበሉኝ!»

«ስሜ አለበት?» አልኳት።

«ምስጋናው ላይ አንደኛ ነሽ» አለችኝ። እኔም በማግስቱ ለሰፈሩ በሙሉ አወራሁ።

ፊደል የጀመርኩት በዚያ ሳምንት ነው። ከተማው ጫት ላይ ሲቀመጥ እኔና ፍሬ ፊደል ላይ እንቀመጣለን። መጀመሪያ የፈረንጁን ያዝኩ፣ ምክንያቱም ስሜን ስትጽፍልኝ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ! ድንኳኑ፣ እባቡ፣ እግሩን የዘረጋው፣ ማበጠሪያው፤ አንዲት ብቻ ነበረች የማላውቃት። የኛው ፊደል ግን አሰቃየኝ፣ እያንዳንዱ ሰባት ሰባት ልጅ ወልዶ! ቢሆንም አልፈታሁትም።

እናንተ የምታነቡት፣ እናንተስ ምን አለባችሁ፣ ገና በልጅነታችሁ ተገላግላችኋል። ግን አጠገባችሁ «መነጽሬን ረስቼ» የምትል ሴት ካለች፣ ወረቀቱን ቀምታችሁ አታንብቡላት። እንደ ኢድሪስ ጠብቋት። እኔን ሠላሳ ዓመት ያነበበልኝ ደግ ሰው ሁሉ እዚያው አስቀመጠኝ፤ ከዚያ ያስነሳኝ ጫቱን ትቶ አልነሳም ያለ ሰው ነው። አንቺም እህቴ፣ የምትደብቂው ነገር ካለሽ፣ ስትናገሪው ሰማይ አይወድቅም። ይስቁብሻል፣ ከዚያ ሥራው ይቀጥላል።

ሁለት ዓመት ያህል ሲሆነኝ የፍሬን ሜምዋር ከመደርደሪያው አወረድኩ። ፈረንሳይኛው አይገባኝም፣ ስም ግን አነባለሁ። የምስጋናውን ገጽ በጣቴ ሄድኩበት። መምህሯ አለ። ጓደኛዋ አለች። የቤተ መጻሕፍቱ ዘበኛ እንኳ አለ! እኔ የለሁም። ከላይ ወደታች ሄድኩ፣ ከታች ወደላይ ተመለስኩ፣ የለሁም።

«ፍሬ!» አልኩ። «አንደኛዋ የታለች?»

እንደዛ ስትደነግጥ አይቻት አላውቅም። «ገጹ ቀድሞ ተጽፎ ነበር እኮ፣ እምዬ… የዚያን ቀን ሰዓት አልነበረኝም… ‘ቤተሰቤን’ ብያለሁ፣ ይኸው!»

«ቤተሰብ ስም አይደለም።»

«ታነብቢዋለሽ ብዬ መች አሰብኩ!»

እስክሪብቶ አመጣሁ። ከመምህሩ በላይ ቦታ ስላልነበረ በጎን በኩል ጀመርኩና፣ እየተንጋደድኩ፣ ምላሴን ነክሼ፣ እስከ ገጹ አናት ወጣሁበት፤ አስካለ። አንድ ጊዜ በፈረንጁ፣ አንድ ጊዜ በኛው።

«መጽሐፌን አበላሸሽው!» ብላ ጮኸች።

«ውሸትሽን ነው ያስተካከልኩልሽ» አልኳት።